«ጆሮ የላቸውም» ስለተባሉት የባንድ ልጆች

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህርት ነኝ። ዋና መሣሪያዬ ክራር ነው። ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን ያገለገሉ የትንፋሽ መሣሪያዎች በስጦታ ስላገኘ የማርሽ ባንድ እንዳቋቁም ታዘዝኩ። ትራምፔቶች፣ ክላርኔቶች፣ አልቶ ሳክስፎኖች፣ ሁለት ፍሉትና አንድ ትሮምቦን አሉን። ከሰባተኛና ከስምንተኛ ክፍል ልጆች መርጬ ከጥቅምት ጀምሮ ኖታ አስተማርኳቸው። ሰሌዳ ላይ ስጠይቃቸው አይሳሳቱም። መሣሪያ ሲይዙ ግን ነገሩ ሁሉ ይበላሻል። ‹ዶ› በሉ ስላቸው የሚወጣው ድምፅ ጆሮ ያማል። ትራምፔት ነፊዎቹ ጣታቸውን በትክክል አስቀምጠው ሌላ ድምፅ ያወጣሉ። ምቱን መጠበቅም አልቻሉም፤ ከጀመሩ ሩጫ ነው። ዳይሬክተራችን ‹ጆሮ የሌላቸውን አስወጪና በሌላ ተኪ› ይሉኛል፤ ለሰኔው የወላጆች በዓል ብሔራዊ መዝሙሩን እንድናቀርብም ይጠብቃሉ። ከኖታው ሥር የጣት ቁጥር ልጻፍላቸው? አንዘምርም ብለው የሚሽኮረመሙትን ወንዶችስ ምን ላድርጋቸው? መሣሪያውን ወደ ቤት ይውሰዱ ወይስ አይውሰዱ? ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባት መምህርት»

መልስ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ማንንም ከባንዱ አታስወጪ። ደብዳቤሽን ሳነብ የተጠራጠርኩት የልጆቹን ጆሮ ሳይሆን የተሰጣቸውን ትእዛዝ ነው።

«ዶ በሉ ስላቸው ጆሮ ያማል» ብለሻል። የሚያመው ልጆቹ የታዘዙትን በትክክል ስለፈጸሙ ይመስለኛል። በትምህርት ቤት ባንድ ውስጥ የሚገኙት ትራምፔትና ክላርኔት አብዛኛውን ጊዜ በቢ ፍላት፣ ማለትም ከሲ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለው ድምፅ፣ የተሠሩ ናቸው፤ ወረቀታቸው ላይ ዶ ተብሎ የተጻፈውን ሲነፉ የሚሰማው ፒያኖ ላይ ቢ ፍላት የሆነው ድምፅ ነው። አልቶ ሳክስፎን በኢ ፍላት፣ ማለትም ከሚ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለው ድምፅ፣ የተሠራ ስለሆነ የእሱ ዶ ፒያኖ ላይ ኢ ፍላት ነው። ፍሉትና ትሮምቦን ደግሞ የተጻፈውን ያንኑ ያሰማሉ። ስለዚህ ክፍሉ በሙሉ «ዶ» ሲባል በአንድ ጊዜ ሦስት የተለያዩ ድምፆች ይወጣሉ። እያንዳንዱ ለየብቻው ትክክል ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ክፍሉን ለቆ መውጣት የሚያሰኝ ጩኸት ይፈጥራሉ። በክራር ያደገ ሰው ይህን አለማወቁ አያስደንቅም፤ ክራር ቅኝቱን ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ከፍና ዝቅ አድርጎ ይጫወታል እንጂ ከፋብሪካ የወጣ «ዶ» የለውም።

ከነገ ጀምሮ ያንን ትእዛዝ ተይው። ሁሉም አንድ ድምፅ እንዲያወጡ ስትፈልጊ ትራምፔቱና ክላርኔቱ ዶ፣ አልቶ ሳክስፎኑ ሶል፣ ፍሉቱና ትሮምቦኑ ቢ ፍላት ይንፉ። በትልቅ ወረቀት ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው። «ጆሮ የላቸውም» የተባሉት ልጆች በብዛት የሳክስፎን ነፊዎች ሆነው ብታገኚያቸው እኔ አልገረምም።

ይህ ግን የችግርሽ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ትልቁ ሌላ ነው፦ ልጆቹ ኖታውን በዓይናቸው ያውቁታል እንጂ በጆሯቸው አያውቁትም። ሰሌዳ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ «ሶል» ብሎ መጥራትና ሶልን መስማት ፈጽሞ የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው። በየትምህርት ቤቱ የማየው ነገር ስለሆነ አንቺን ብቻ አልወቅስም፤ ኖታ በሰሌዳ ማስተማር ለፈተና ይመቻል፤ ዳይሬክተርም በመስኮት ሲያይ ሥራ እየተሠራ ይመስለዋል።

የአብነት ትምህርት ቤቱን አሠራር አስቢ። የዜማ ተማሪ መጀመሪያ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያዜማል። ደረት፣ ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት የሚባሉት ምልክቶች ጆሮው የያዘውን እንዲያስታውስ ይረዱታል እንጂ ዜማውን ከባዶ አያስተምሩትም። ዘመናዊው የሙዚቃ ትምህርትም ዞሮ ዞሮ እዚያው ደርሷል፤ ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲና መምህር ዞልታን ኮዳይ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲሟገትለት የኖረው ልጆች መሣሪያ ከመያዛቸው በፊት እንዲዘምሩ ነበር። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያውን አንድ ሦስተኛ ያለ መሣሪያ አሳልፊው። መሣሪያዎቹ ከሳጥናቸው አይውጡ። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ፤ ይለምዱታል።

ምን ይዘምሩ? እዚህ ላይ ክራርሽ ሀብት ነው። የጀማሪ ባንድ መጻሕፍት የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች የሚመርጡት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በቢ ፍላት ዙሪያ ነው፤ ለትራምፔት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ትንሽ ቆይቶ ላ። ከእነዚህ ፋን ብትዘይው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይቀርሻል። ክራርሽን ከቢ ፍላት አስነሥተሽ ብትቃኚው ይህ ትዝታ ሜጀር ነው፤ ልጆቹ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ሳሉ የሰሙት ቅኝት። አልቶ ሳክስፎኖቹ ያንኑ ዜማ በሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይነፉታል። እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ከላ ተነሥተሽ ብትዞሪባቸው ደግሞ ባቲ ማይነር ትደርሻለሽ፤ አንድም አዲስ ጣት ሳትጨምሪ ሁለት ቅኝት ማለት ነው። አምባሰልና አንቺ ሆዬ ግማሽ ድምፅ ስላለባቸው ለጀማሪ ከንፈርም ለጀማሪ ጆሮም ይከብዳሉ፤ ለከርሞ ይቆዩ።

አካሄዱ ቀላል ነው። አንቺ አራት ምት የምትሞላ አጭር ዜማ በክራር ትጫወቻለሽ፤ እነሱ «ላ ላ ላ» እያሉ ወይም አፋቸውን ገጥመው በማንጎራጎር ይመልሱልሻል። ድምፁ ሲቀጥን እጃቸው ወደ ላይ፣ ሲወፍር ወደ ታች ይሂድ። እጅ ጆሮ የሰማውን ያጋልጣል፤ ሌላው ሲያነሳ አይቶ የሚያነሳውን ልጅ ወዲያው ትለይዋለሽ፤ እሱን ከፊት አስቀምጪው። ከዚያ ያንኑ ዜማ በመሣሪያ ይመልሱት፤ ወረቀት ሳያዩ። ወረቀቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ «አሁን የነፋችሁት እንዲህ ተብሎ ይጻፋል» ብለሽ ታሳያቸዋለሽ። አራት ወር ኖታ መማራቸው ያን ጊዜ ይጠቅማቸዋል፤ ልፋትሽ አልባከነም።

ወደ ትራምፔቶቹ እንምጣ። «ጣታቸው ትክክል ሆኖ ሌላ ድምፅ ያወጣሉ» ማለትሽ የትራምፔትን ጠባይ በአንድ ዓረፍተ ነገር መግለጽሽ ነው። ትራምፔት ሦስት ፒስተን፣ ማለትም በጣት የሚጫን ቁልፍ፣ ብቻ ነው ያለው። ምንም ሳይጫን ዶ ይወጣል፤ ምንም ሳይጫን ሶልም ይወጣል፤ የላይኛው ዶም እንዲሁ። አንደኛውና ሁለተኛው አብረው ሲጫኑ ሚም ላም ይወጣሉ። የትኛው እንደሚወጣ የሚወስነው የከንፈር ውጥረትና የትንፋሽ ፍጥነት ነው፤ ከንፈርን የሚያዘው ደግሞ ድምፁን አስቀድሞ በሐሳቡ የሰማ ጆሮ ነው። ሶልን በውስጡ ያልሰማ ልጅ ትራምፔቱ የሰጠውን ይቀበላል። ስለዚህ ልጁ ሲሳሳት «ጣትህን አስተካክል» አትበይው። «ያወጣኸውን ዘምርልኝ» በይው፤ ቀጥለሽ «ማውጣት የፈለግከውን ዘምርልኝ»። ሁለቱን በድምፁ መለየት ከቻለ ከንፈሩ በሳምንታት ውስጥ ይከተለዋል። ካልቻለ የጎደለው የመዝሙር ልምምድ መሆኑን አውቀሽ ወደዚያው መልሺው።

አንድ መልመጃ ልጨምርልሽ፤ እንደ አምቡላንስ ሳይረን ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ከቀጭን ወደ ወፍራም በድምፃቸው ይንሸራተቱ። ከዚያ ያንኑ ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀጠቀጡ ያድርጉት፤ ቀጥሎ ከንፈር የሚያርፍበትን የትራምፔቱን አፍ ነቅለው በእሱ ብቻ፤ በመጨረሻ በሙሉ መሣሪያ። አስቀያሚ ድምፅ ነው፤ የጎረቤት ክፍል መምህር ሊቆጣ ይችላል፤ ቢሆንም ከዚህ የተሻለ ለነሐስ ነፊ ጆሮና ከንፈርን የሚያገናኝ ነገር አላውቅም።

አንዳንዱ ስሕተት የመሣሪያው እንጂ የልጁ እንዳልሆነም እወቂ። ትራምፔት ላይ የታችኛው ሬ አንደኛና ሦስተኛ ፒስተን ተጭኖ ሲነፋ ከሚገባው ትንሽ ይቀጥናል። የሦስተኛው ፒስተን ቱቦ በቀለበቱ ወደ ውጭ ሲገፋ ይስተካከላል። ያገለገሉ መሣሪያዎች ላይ ይህ ቱቦ ብዙ ጊዜ ዝጎ ተጣብቆ ይገኛል። በጉልበት እንዳትስቢው፤ ነሐስ የሚጠግን ሰው ጋ ውሰጂው።

ስለ መቃኘት ደግሞ ከስልኩ ቱነር፣ ማለትም ቅኝትን በዓይን ከሚያሳየው መተግበሪያ፣ በፊት ይህን አስተምሪያቸው። ሁለት ትራምፔቶች አንድ ድምፅ ሲይዙ፣ በትክክል ካልገጠሙ በመካከላቸው «ዋው ዋው» የሚል መርገብገብ ይሰማል። አንዱ በሰከንድ 440 ጊዜ፣ ሌላው 442 ጊዜ ቢርገበገብ በሰከንድ ሁለት «ዋው» ትሰሚያለሽ። አንደኛው ልጅ ዋናውን የመቃኛ ቱቦ ቀስ እያለ ሲስብ መርገብገቡ እየዘገየ ይሄድና ይጠፋል፤ እየፈጠነ ከሄደ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ ነው። ቱቦ ሲረዝም ድምፅ ይወፍራል፤ ሲያጥር ይቀጥናል። ልጆች ይህን ሲሰሙ እንደ ጨዋታ ነው የሚይዙት። ቱነር ግን ዓይንን ያሠራና ጆሮን ያሳርፋል፤ ለማረጋገጫ ብቻ ይሁን።

እግረ መንገዴን፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ባንዱ ሁሉ ወፍሮ ቢሰማሽ አትደንግጪ። አንዳንድ ሰው ይህን በአዲስ አበባ ከፍታ ያመካኛል። ከፍታው ትንፋሽ ያሳጥር ይሆናል እንጂ ቅኝት አይለውጥም። የሚለውጠው ቅዝቃዜው ነው፤ አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ድምፅ በሰከንድ 0.6 ሜትር ያህል ይፈጥናል፤ በትንፋሽ መሣሪያ ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅም ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ ሳያሟሙቁ አይቃኙ። መጀመሪያ ድምፅ ሳያወጡ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ያስገቡበት፤ ትንሽ ይጫወቱ፤ ከዚያ ይቃኙ። ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ እንደገና ይፈትሹ።

አሁን ወደ ሩጫው። ልጆችሽ ምት የላቸውም አትበይኝ። ሠርግ ቤት ሲጨፍሩ አይተሻቸው የለም? ችክችካውን ማንም ሳያስተምራቸው በትከሻቸው ይይዙታል። ኖታ ላይ ሲጻፍ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ስድስቱ ትናንሽ ምቶች አንዴ ለሁለት፣ አንዴ ለሦስት ይከፈላሉ፤ እግር ሁለቱን ሲረግጥ እጅ ሦስቱን ያጨበጭባል። ከውጭ የሚመጡት የጀማሪ መጻሕፍት ይህንን ወደ ኋላ ያስቀምጡታል፤ የሚጀምሩት አራት እኩል ምት ባለው በአራት አራተኛ ነው። የእኛ ልጆች ግን ስድስት ስምንተኛውን በሰውነታቸው ይዘው መጥተው አራት አራተኛው ላይ ይደናቀፋሉ። ጥንድ ጥንድ ሆነው እኩል መሄድ ያለባቸው ኖታዎች አንዱ ረዘም፣ አንዱ አጠር ብሎ ማርሹ ወደ ችክችካ ሲያዘነብል ትሰሚያለሽ። ቁጣ አያስፈልገውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስጨብጭቢያቸው፤ መጀመሪያ ችክችካውን፣ ወዲያው ማርሹን፣ ተመልሰሽ ችክችካውን። ልዩነቱን በእጃቸው ካገኙት በኋላ ወረቀት ላይ ማሳየት ቀላል ነው።

ለአከፋፈሉ ደግሞ ረዳቶቹን ተዋሺ። የታክሲ ረዳቶቹን ማለቴ ነው። አንድ ሙሉ ምት «ሂድ»፤ ምቱ ለሁለት ሲከፈል «ቦሌ»፤ ለሦስት ሲከፈል «ፒያሳ»፤ ለአራት ሲከፈል «አራት ኪሎ»። ከአራት ኪሎ ታክሲ ለሚሳፈር ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በግቢው ውስጥ እኩል እየተራመዱ «ሂድ፣ ሂድ፣ ቦሌ፣ ሂድ» ይበሉ፤ ከዚያ «ቦሌ፣ ቦሌ፣ አራት ኪሎ፣ ሂድ»። እርምጃው ምቱ ነው፤ ቃሉ ሪትሙ ነው። ጀማሪዎች የሚያምታታቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ቃሉ ሲበዛ እርምጃውም ይፈጥናል። እግራቸው ሳይፈጥን አፋቸው «አራት ኪሎ» ማለት የቻለ ቀን የሩጫው ግማሽ ቆመ ማለት ነው። ልጆቹ የራሳቸውን ሰፈር ስም ይዘው እንዲመጡ ጠይቂያቸው፤ ካንቺ የተሻለ ይፈጥራሉ።

ቃሉን ከለመዱ በኋላ በ«ቱ» ይተኩት፤ ትንፋሽ ነፊ እያንዳንዱን ኖታ የሚጀምረው በምላስ ነውና። በሹክሹክታ «ቱ፣ ቱ፣ ቱ-ቱ፣ ቱ»፤ ቀጥሎ ያለ መሣሪያ በትንፋሽ ብቻ፤ ከዚያ በአንድ ድምፅ ላይ በመሣሪያ። አዲስ ሪትምና አዲስ ዜማ በአንድ ቀን አታሸክሚያቸው። ሪትሙን በአንድ ድምፅ፣ ዜማውን በእኩል ምት፤ ሁለቱ የሚጋቡት በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነው።

እዚህ ላይም የማኅሌቱ ሥርዓት የሚያስተምረን አለ። አንዱን ዜማ በቁም ይሉታል፤ ያለ ከበሮ፣ ያለ እንቅስቃሴ፣ በድምፅ ብቻ። ያንኑ መልሰው በመቋሚያ እየዘመሙ ይሉታል። ቀጥሎ ከበሮውና ጽናጽሉ ገብቶ መረግድ ይሆናል። በመጨረሻ ጭብጨባው ተጨምሮ ፍጥነቱም ተነሥቶ ጽፋት ይደርሳል። ዜማው አይለወጥም፤ በየዙሩ አንድ ነገር ይጨመርበታል። ሰኔ ላይ የምታቀርቡትን አጭር ዜማ በዚሁ አካሄድ አዘጋጂው፤ መጀመሪያ ቆመው ይዘምሩት፣ ቀጥሎ እየተወዛወዙ፣ ቀጥሎ ከበሮ ይግባ፣ በመጨረሻ መሣሪያ። ከልጆችሽ ሙስሊምም ክርስቲያንም ሌላም እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ውሰጂ የምልሽ አሠራሩን እንጂ መዝሙሩን አይደለም። መንዙማ የሚያውቁ ልጆች ካሉሽም ጭብጨባውንና ድቤውን አስመትተሽ ለክፍሉ እንዲያሳዩ ጋብዣቸው፤ ምትን ጠብቆ መቆየት ከእነሱ ይማራሉ።

ሩጫው ሌላም ምክንያት አለው፤ ብዙ መምህር አያስተውለውም። ጀማሪ ትንፋሽ ነፊ የሚሮጠው ትንፋሹ እንዳያልቅበት ሲፈራ ነው። ከዜማው መጨረሻ ሳይደርስ አየር እንደሚያልቅበት ስለሚያውቅ ያሳጥረዋል። በዚህ ወቅት ሐረጎቹ አጭር ይሁኑ፤ አራት ምት ይንፉ፣ አራት ምት ይተንፍሱ። በዕረፍቱ ላይ እጃቸውን ዝም ብለው አያንጠልጥሉት፤ በእያንዳንዱ ምት መዳፋቸውን ገልጠው ያሳዩሽ፤ አለዚያ ዕረፍቱን ዘለው ይመጣሉ። የስልክ ሜትሮኖም፣ ማለትም ምት ቆጣሪ፣ በደቂቃ በ72 ምት አስጀምሪና መጫወት ከያዙ በኋላ ድምፁን ለስምንት ምት ያህል አጥፍተሽ መልሰሽ ክፈቺው። ከሜትሮኖሙ ጋር አብረው ከተገኙ ያጨበጭባሉ፤ ካልተገኙ ይሳሳቃሉ። በሁለቱም ይማራሉ። ሜትሮኖሙን ሳታቋርጪ ብታሰሚያቸው ግን በሱ ላይ ተደግፈው ይቀራሉ።

ከበሮውን ለአንድ «ጎበዝ» አትስጪው። በየተራ ይምቱት። በተለይ በጣም የሚሮጠውን ልጅ ከበሮው ላይ አስቀምጪው፤ ሌሎቹ ሁሉ እሱን እየተከተሉ ሲንጋጉ ሲሰማ ራሱን ይገታል። ክፋት አይደለም፤ ይሠራል።

አንዘምርም ስለሚሉት ወንዶች። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ወንድ ልጅ ድምፁ እየጎረነነ ነው። ትናንት የደረሰበት ድምፅ ዛሬ ይሰበርበታል፤ ልጃገረዶች ባሉበት ክፍል ውስጥ ይህ ቀላል ውርደት አይደለም። ደግሞም ያንቺ የሴት ድምፅ ከእሱ በላይ ነው፤ አንቺን ለመከተል ሲሞክር ወይ ይንጫጫል ወይ አንድ ደረጃ ወርዶ ያጉረመርማል፤ ከዚያ «ጆሮ የለውም» ይባላል። መጀመሪያ አንቺ ወደ እሱ ሂጂ። «የሚመችህን ድምፅ ያዝ» በይውና ያንን ድምፅ በክራርሽ ፈልጊው፤ ስታገኚው ንገሪው። ከዚያ ግማሽ እርምጃ ወደ ላይ፣ ግማሽ ወደ ታች። ለብቻው አታቁሚው፤ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይሁን። ከከፍተኛ ክፍል ድምፁ የበሰለ አንድ ወንድ ተማሪ አምጥተሽ በዝቅተኛው ድምፅ እየመራ እንዲያዘምራቸው ብታደርጊ ነገሩ ይበልጥ ይቀላል። ድምፆችን መለየት በእውነት የማይችል ሰው አለ፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ከአንድ ክፍል ውስጥ ግማሹ እንዲህ ነው የሚል ሰው ልጆቹን ሳይሆን ትምህርቱን ይመርምር።

የጣት ቁጥሩ፦ አትጻፊ። ምክንያቱን ከላይ ብዬዋለሁ፤ ባዶ ፒስተን ሦስት ድምፅ ካለው «ባዶ» ብሎ መጻፍ ለልጁ ምንም አይነግረውም። አንዲት የምታስቸግር ኖታ ላይ በእርሳስ ምልክት ቢያደርግ ግድ የለም፤ ሲለምዳት ያጥፋት።

ብሔራዊ መዝሙሩን በተመለከተ ለዳይሬክተርሽ ቁርጡን ንገሪያቸው፤ ለዘንድሮ አይደርስም። ከአምስት ኖታ በላይ ይፈልጋል፤ ረጃጅም ሐረግና የጠና ከንፈርም ይፈልጋል፤ የተሰባበረ ብሔራዊ መዝሙር በወላጆች ፊት ከማቅረብ በድምፅ ብቻ በደንብ መዘመሩ ለትምህርት ቤቱም ክብር ነው። ልጆቹ ይዘምሩት፤ ባንዱ ከዚያ ቀጥሎ በአምስቱ ድምፆች የሠራችሁትን ዜማና አንድ የከበሮ ማርሽ ያቅርብ። «ሌሎች ልጆች እንዴት ቻሉ?» ካሉሽ አርባ ልጆችን አንሺላቸው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ማብቂያ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው እነዚያ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች አዲስ አበባ ሲገቡ ጀማሪዎች አልነበሩም፤ እዚያው ኢየሩሳሌም ሳሉ የነሐስ ባንድ ነበራቸው፤ ራስ ተፈሪም የወደዷቸው ሲጫወቱ ሰምተው ነው። እዚህም ኬቮርክ ናልባንዲያንን የመሰለ የሙሉ ጊዜ መምህር ነበራቸው። ያንቺዎቹ መሣሪያ ከጨበጡ ገና ወራቸው ነው፤ አንቺም ሌላ የምታስተምሪው ክፍል ሞልቶሻል። በዚያ ላይ፣ ከተቻለ አንድ ቀን ልጆቹን ይዘሽ ፒያሳ ሀገር ፍቅር ቴአትር ወይም ብሔራዊ ቴአትር ባንድ ሲለማመድ እንዲያዩ ፈቃድ ጠይቂ። ጥሩ የትራምፔት ድምፅ በቅርብ ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ምን ለማውጣት እንደሚሞክር በምን ያውቃል?

የመጨረሻ ጥያቄሽ፦ ወደ ቤት ይውሰዱ። በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነፍቶ ከንፈር አይጠናም። ወላጅ ይፈርም፤ የኮንዶሚኒየም ጎረቤት እንዳይቆጣ ሰዓቱ ይወሰን፤ መሣሪያ ያልደረሰው ልጅ ደግሞ የቤት ሥራው መዝሙሩና የታክሲው ሪትም ይሁን። የክላርኔትና የሳክስፎን ሸምበቆ፣ ማለትም አፍ ውስጥ ገብቶ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ቁራጭ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ይሁን፤ ከአንድ አፍ ወደ ሌላ አፍ አይዘዋወር፤ የጋራ የሆነው አፍ ማኖሪያ በየተራው በሳሙናና በለብታ ውኃ ይታጠብ። ትሮምቦኑ ግን ትምህርት ቤት ይደር። ስላይዱ፣ ማለትም የሚሳበው ቱቦ፣ ትንሽ እንኳን ከተጣመመ ወዲያ አይንሸራተትም፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ትሮምቦን ይዞ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ስላይዱን ብቻ ሳይሆን የአጠገቡን ተሳፋሪ ጉልበትም ያጣምማል።